እሳቸው አሉ?

የቢሮአችን ሰዎች ሁሉ ቅጽል ስም ነበራቸው። አብዛኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የእኔን ያወጡት እነሱ ስለሆኑ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም።

ይግባኝ ያልኳት ጓደኛዬን ነው። ሕግ ትምህርት ቤት አብረን ስንማር አንድ ጠዋት መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሻይ አልቋል አሏት። አስተናጋጁን ትታ ወደ ወጥ ቤቱ ኃላፊ ሄደች፤ ከኃላፊው ወደ ዲኑ። ሻይዋን ስታገኝ በረዶ ሆኖ ነበር፤ እያየናት ጭልጥ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን መልስ እንደ መጨረሻ ስትቀበል አይቻት አላውቅም።

ከረባት ደግሞ ከረባቱ ነው። ቁመናው፣ ድምፁ፣ ካባው ትከሻው ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ ሁሉ ጠበቃ ነው። የሚጎድለው የሚናገረው ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ይግባኝ ትጽፍለታለች። አራተኛው ባልደረባችን እንደተባለው ይባላል። ስብሰባ ላይ ተራው ሲደርስ «ከላይ እንደተባለው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይጨርሳል። የቢሮው መሥራች ጋሼ ናቸው። ለእሳቸው ስም ለማውጣት አልደፈርኩም።

ይግባኝ ለምን ለሌላ ሰው ትጽፋለች ለሚል፣ ምክንያቱ ባለሲሚንቶው ነው። ትልቁ ደንበኛችን እሱ ነበር። ሌላ ከተማ ተቀምጦ የሕንፃ መሣሪያ በጅምላ ያከፋፍላል፤ ያለ ክስ የዋለበት ወቅት የለም። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ግን አንቱታውን ትቻለሁ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል። ይህ ሰው ገና ከመጀመሪያው ለጋሼ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሴት ጠበቃ ችሎት ላይ እንዳትቆምልኝ፤ ቤቴ አንዲት ሴት አለችኝ፤ ሕግ ሳትማር በየቀኑ ትረታኛለች፤ የተማረች ስትጨመርበት አልችልም አላቸው። ጋሼ ሳቁ፤ ሳቃቸው እንደ ስምምነት ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ የባለሲሚንቶውን መዝገብ ይግባኝ ታጠናለች፣ ይግባኝ ትጽፋለች፣ ከረባት ካባውን ለብሶ ያነባል። ሲረቱ ሰውየው የከረባትን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ሲረቱ ነው ያልኩት እንጂ ሲሸነፉ አላየሁም።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተስተካከለው፣ ይግባኝ ጽሑፏ ውስጥ ለከረባት በምታስገባለት ማስታወሻ ነው። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ እዚህ ጋ ውሃ ጠጣ ትለዋለች በቅንፍ። ከረባት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚያነበው ያልፈዋል። አንድ ቀን ግን ሳያነበው ገባ። ድምፁን አሳምሮ፣ አንድ እጁን ካባው ላይ አድርጎ፣ «ስለዚህ ውሉ የጸና ነው እዚህ ላይ ቆም ብለህ ሰብሳቢ ዳኛዋን ተመልከት» አለ፤ ችሎቱ ሁሉ እየሰማው።

ሰብሳቢ ዳኛዋ ከመዝገቡ ላይ ቀና አሉ። «ተመልክተውኛል፤ ይቀጥሉ» አሉት።

ባለሲሚንቶው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሴት ይፈራል እንጂ ሞኝ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለ፤ ስልኩም የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ስልክ ትንሽ ልናገር። የባለቤቴ ነበር። እሱም እዚያው ቢሮ ጠበቃ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ ጠረጴዛውን ከነስልኩ እኔ ተረከብኩ። ደንበኞቹ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ይደውሉ ነበር። «ጠበቃው አሉ?» ይላሉ። «የሉም» እላለሁ። «መቼ ይመለሳሉ?» ሲሉ ጉዳያቸውን ለእኔ እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ። የሉም ደግ ቃል ነው። ወዴት የሚለውን ለሰሚው ይተውለታል፤ ተናጋሪውንም ብዙ አያስለፋም። በዚያ ስልክ ላይ የተማርኩት ሌላው ነገር አንቱታ ምን ያህል ሰፊ ቤት እንደሆነ ነው። አንድን ሰው አንዴ እሳቸው ካልነው፣ ውስጥ ያለው ወንድ ይሁን ሴት በሩን አንኳኩቶ የሚጠይቅ የለም።

ባለሲሚንቶው ሰላምታውን አሳጥሮ፣ «ለዚያ ልጅ የሚጽፍለት ማነው?» አለኝ።

«ቢሮ የሚሠሩ ሌላ ጠበቃ አሉ» አልኩ።

«የረጋ ነገር ነው የሚጽፉት። ትልቅ ሰው ናቸው?»

«እኛ ዘንድ በጣም የተከበሩ ናቸው።»

«ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ችሎት ለምን አይመጡልኝም?»

እውነቱን ነገርኩት። «እንዲቆሙ አልተፈቀደላቸውም» አልኩት።

«አይ እርጅና» አለ ከልቡ አዝኖ። ጉልበት ነው ወይስ ወገብ ብሎም ጠየቀኝ። የሰው ሕመም በስልክ አላወራም አልኩት፤ ጨዋነቴን አደነቀ።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ አንድ ከዘራ ደረሰን። የሚያምር ከዘራ ነው፤ እጀታው እንደ ወፍ አንገት ቆልመም ያለ፣ ጫፉ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማ የገባለት። ለእሳቸው ነው አለ ሾፌሩ፤ ፈጣሪ ጉልበታቸውን ያጽናው ተብሏል።

ይግባኝ ታሪኩን ስነግራት አልሳቀችም። ነገር ጠማማ ሲሆን አትወድም። ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው አለችኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው፣ ሴት ናቸው ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም አልኳት። ዝም ማለትም ማታለል ነው አለች። የመናገር ግዴታ ከሌለ አይደለም አልኳት፤ ይህንን ከአንድ መምህር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እኔ ሐሰት አልተናገርኩም፤ ተውላጠ ስም ነው የተናገርኩት። መምህሩ እኛን ሁለታችንን ጨምሮ ክፍሉን ሁሉ «ወንድሞቼ» እያለ ያስተምር እንደነበረና አንድም ቀን እንዳላስተካከለችው አስታወስኳት። አስተካክየዋለሁ፣ ዲኑ ዘንድ ድረስ ሄጃለሁ አለች። እውነቷን ነው፤ ረስቼው ነበር።

በመጨረሻ ሰውየው ቢሮ የመጣ ዕለት ራሷ ልትነግረው ወሰነች። እሱ ግን ከችሎት ወጥቶ በቀጥታ ወደ መኪናው ስለሚሄድ ቢሮ ዝር አይልም። ከዘራው ይግባኝና እኔ በምንጋራው ክፍል ውስጥ ቀረ። ክፍሉ ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበረ መስኮቱ ጣሪያ ሥር ነው፤ ይግባኝ ጠዋት ጠዋት በወፏ አንገት እየሳበች ትከፍተዋለች። ባለሲሚንቶውም ልማድ አደረገው። ነገር በገጠመው ቁጥር ይደውልና እሳቸው ምን አሉ ይለኛል። እኔ ወደ ጎን ዞር ብዬ ይግባኝን እጠይቃለሁ፤ እሳቸው እንዲህ አሉ እላለሁ። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሙን በመጋዘን ምክንያት ሊከስ ተነሣ። ይግባኝ፣ «መዝገብ ከመክፈትዎ በፊት ወንድምዎ ቤት ሄደው አንድ ምሽት ይጫወቱ» ብላ አስነገረችው። ሄደ። ክሱም በዚያው ቀረ።

እንዲህ እያለን ጋሼ በዓመቱ መጨረሻ ሥራ እንደሚያቆሙ ነገሩን። ሐኪማቸው ደረጃ መውጣት ከልክሏቸዋል፤ ቢሮአችን ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። አንድ ኃላፊ ምረጡና ቁልፉን ላስረክብ አሉ።

ይግባኝ ያንን ኃላፊነት ፈለገችው። መፈለጓን አልደበቀችም፤ መደበቅ አታውቅበትም። ለእያንዳንዳችን በየተራ እየገባች ነገረችን፤ ከረባትም ክፍል ገብታ ነገረችው። ወደ ክፍላችን ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ክምር መዝገብ እያየች ትንሽ ቆመች።

«ጋሼ ክፍል የሚገባው ሰው ነው ማን ችሎት እንደሚቆም የሚወስነው» አለችኝ። «ከረባት ከገባ የተፈረደብኝ ዕድሜ ልክ ነው። የሱን ንግግር እየጻፍኩ አረጃለሁ።»

«ከዘራው አለሽ» አልኳት።

በከዘራው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረገችው፤ ሳቋ ግን አልመጣም።

ስብሰባው ጋሼ ክፍል ተደረገ። ከረባት እና እንደተባለው ወደ አንድ ወገን፣ ይግባኝ እና እኔ ወደ አንድ ወገን ሆንን። ጋሼ መሐል ቀሩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ልጆቼን አላጣላም ብለው መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። ያኔ ከረባት ተነሣ። ጽሑፍ በእጁ አልነበረም፤ ይህን ሳይ ነው ነገሩን ምን ያህል እንደሚፈልገው የገባኝ። እኅቴን አከብራታለሁ አለ፤ ችሎታዋን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም አለ፤ ይህ እንኳን እውነት ነው። ችግሩ እኔ አይደለሁም፣ ችግሩ ደንበኛችን ነው፤ ባለሲሚንቶው ከሄደ ቢሮው በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ራሱን እንጠይቀው፤ እሱ ያለው ይጽና አለ።

እንደተባለው «ከላይ እንደተባለው» አለ።

እኔ እጄን አወጣሁና እደግፋለሁ አልኩ። ይግባኝ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የደንበኛው ቃል የመጨረሻ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ብዬ ጨመርኩ፤ ደግማ ረገጠችኝ። ከረባት ወረቀቱን እኔ ከጠበቅሁት ፈጥኖ ጻፈው፤ ሁላችንም ፈረምን። ይግባኝም ፈረመች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ነበር።

ጋሼ ደውለው ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት። ጉዳዩን አስረዱት፤ ቢሮውን ማን ቢመራው ደስ ይልሃል አሉት።

ከመኪናና ከሰው ጫጫታ መሐል የባለሲሚንቶው ድምፅ መጣ። «ይህ ምን ጥያቄ አለው? እሳቸው ናቸዋ» አለ።

ጋሼ ፈገግ አሉ፤ ራሳቸውን ያለ መሰላቸው። ከረባት ከረባቱን አስተካከለ፤ ማዕረግ ሲቀርብ ሰው አንቱ ይባላል ብሎ አስቦ ይሆናል። እንደተባለው እንኳ ትንሽ ቀና አለ።

«እሳቸው ስትል ማንን ነው ልጄ?» አሉ ጋሼ።

«የሚጽፉት ናቸዋ፤ ከዘራ የላክሁላቸው። ልጁማ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ዳኛዋን ተመልከት ካልተባለ አይመለከትም። እሳቸው ካልመሩት እኔ መዝገቤን ሰብስቤ እሄዳለሁ።» ሐሙስ ለችሎት ስለሚመጣ በዚያው ቢሮ ገብቶ እጃቸውን መጨበጥ እንደሚፈልግ ነግሮን ዘጋ።

ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የፈረምኩበትን ወረቀት አነበብኩ፤ ፊርማዬ ያምራል።

ሐሙስ ባለሲሚንቶው መጣ። ጫማው ላይ ነጭ አቧራ ነበረው፤ ሰውነቱ ግን ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው ታጥቦ ተወልውሏል። ጋሼ ክፍል ገባና አንድ ባንድ ጨበጠን፤ የሁላችንንም ፊት እያየ አንድ ሽማግሌ ፈለገ። ከበሩ ኋላም ተመለከተ።

ይግባኝ ከዘራውን ይዛ ገብታ ነበር። ተነሣችና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ አስቀመጠችው።

«እሳቸው እኔ ነኝ» አለችው።

ከዘራውን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «እርጅና ነው አላሉኝም?»

«እርጅና ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እኔ እንዲቆሙ አልተፈቀደላቸውም ነው ያልኩት። የከለከሉትም እርስዎ ነዎት።»

ከረባት ይህችን ጠብቆ ነበር። ደንበኛው ፈቃዱን የሰጠው በስሕተት ነው አለ፤ ሌላ ሰው መስሎት ነው፤ በስሕተት የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ይፈርሳል። አነጋገሩ ጥርት ያለ ነበር። አናደደኝ፤ ምክንያቱም ትክክል ነው።

«ልክ ነው» አለች ይግባኝ። «ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሳልጽፍለት ትክክለኛ ክርክር አቀረበ። በስልክ የሰጡት መልስ ይቅርና አሁን፣ እያዩኝ፣ እንደገና ይጠየቁ። ሌላ ሰው ቢመርጡም መዝገብዎን ባለበት ጥራት አስረክባለሁ።»

እግሯን በጠረጴዛው ሥር ፈለግሁት፤ ቆማ ስለነበረ አላገኘሁትም። ያን ሁሉ ጊዜ ያዘጋጀሁትን ሥራ በአንድ ትንፋሽ አፈረሰችው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ መልሱን ምን ያህል እንደምትፈራው ከእኔ በስተቀር ያየ ያለ አይመስለኝም።

ባለሲሚንቶው የከዘራውን እጀታ በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ።

«ወንድምህ ቤት ሂድ ያሉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለቤቴም ያንኑ ብላኝ ነበር» አለ። «እሷን አልሰማኋትም። አንድ ትልቅ ሰው መከሩኝ ብያት ስሄድ ጥርሷን ገልጣ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች አልገባኝም ነበር።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ ራሱ ባቀረበው ክስ የተረታ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ከዘራውን አነሣና በሁለት እጁ ለይግባኝ ዘረጋላት።

«ይያዙት። ቢሮውን ይምሩ» አለ። «የሚመጣው ቀጠሮ ላይም ራስዎ ይቁሙልኝ። ከእንግዲህ ተፈቅዶልዎታል። አንድ ነገር ብቻ፤ ባለቤቴ ዘንድ ይህ ነገር እንዳይደርስ።»

ይግባኝ አፏን ስትከፍት ምን ልትል እንደሆነ አወቅሁት። ከተጠየቅሁ አልዋሽም ልትል ነው። ቀደምኳት።

«ባለቤትዎ ከደወሉ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ» አልኩት። «እሳቸው እላለሁ።»

ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ። ባለሲሚንቶውም ተከተላቸው። ከረባት ግን ቆይቶ ነው የሳቀው፤ ያም ሆኖ ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ይግባኝን ጨበጣት። እሷም እጁን ሳትለቅ ቀስ ብላ፣ ከነገ ጀምሮ የምትናገረውን ራስህ ትጽፋለህ፣ እኔ አርምልሃለሁ አለችው። እንደተባለው ምን እንደሚል ሁላችንም ጠበቅን። ጉሮሮውን ጠራረገ፤ «ጥሩ ነው» አለ። የራሱን ቃል ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ጋሼ ቁልፉን አስረክበው በክንዳችን ተደግፈው ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ይግባኝ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው የጋሼ ክፍል ዕቃዋን አዛወረች። እዚያ ያለው መስኮት ዝቅ ያለ ነው፤ በእጅ ይከፈታል። እሷ ግን ከዘራውን ይዛ ሄደች፤ በእሱ እየሳበች ስትከፍተው ከጠረጴዛዬ ይታየኛል። ክፍላችን ውስጥ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ያንን ጣሪያ ሥር ያለውን መስኮት የሚከፍትልኝ ጠፋ፤ አቤቱታ አቅርቤያለሁ፤ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጠራ። የማላውቀው የወንድ ድምፅ ነው፤ ባለሲሚንቶው ልኮኝ ነው አለ።

«የቢሮው ኃላፊ፣ እሳቸው አሉ?» አለኝ።

ቀና ብዬ በተከፈተው በር አየሁ። የወፏ አንገት መስኮቱን ይዞ ነበር፤ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል።

በዚያ ስልክ ላይ የለመድኩት የሉም የሚለውን ቃል ስለነበር ይኼኛው አፌ ውስጥ ትንሽ ዘገየ። ሰውየው መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ደግሞ ጠየቀኝ።

«አሉ» አልኩት። «ይጠብቁ፤ ላገናኝዎት።»